ያልታመመ ሰው ምን ይመረመራል?

ጥያቄ፦ «ሐይቅ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ዕድሜያቸው ከ45 ያለፈ ታካሚዎቼን ስለ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ሳነሳባቸው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ አቀርቅሮ ዝም ይላል። ባለፈው አንድ አባት ‹ያልታመመ ሰው ምን ይመረመራል? በሽታ ልትጠሪብኝ ነው?› ብለውኝ ወጡ። ሰውን እንዴት ነው ማበረታታት የሚቻለው? ነገሩ እኔንም ይነካኛል። የአባቴ ታላቅ ወንድም በ47 ዓመቱ ተገኝቶበት ዓመት ሳይሞላው ነው ያረፈው።»

መልስ፦ እህቴ፣ እኚያ አባት የጠየቁሽ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ጤነኛ ሰው የእርሻ ቀኑን ትቶ፣ የመኪና ከፍሎ፣ ወረፋ ይዞ፣ ያውም ስሙን ለመጥራት ለሚያፍረው የሰውነት ክፍል ለምን ይመረመራል? ይህን በሁለት ደቂቃ፣ በሚገባቸው አነጋገር መመለስ ካቃተን ጥፋቱ የኛ ነው። እኔ እምቢታ ስሰማ መጀመሪያ የምመረምረው የራሴን አጠያየቅ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩን እዚያው አገኘዋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ወሬውን «ካንሰር» ብለሽ አትክፈቺ። ያቺ ቃል ከወጣች በኋላ የምትይውን ሰውየው አይሰማሽም። «ነቀርሳ» ደግሞ ይብሳል። ገጠር ውስጥ ብዙው ሰው ነቀርሳ ሲባል የሳንባውን ነው የሚያስበው። «እኔ እኮ አላስልም» ብሎ የመለሰልኝ ሰው አለ።

እኔ ከፖሊፕ ነው የምጀምረው። እንዲህ እላለሁ፦ «ጋሼ፣ ትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ አንዳንዴ እንደ እንጉዳይ ያለች ትንሽ ሥጋ ትበቅላለች። አታምም፣ አትቆረቁርም። ብዙዎቹ ምንም ሳያመጡ ይኖራሉ። አንዳንዷ ግን ቀስ ብላ፣ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ወስዳ፣ ወደ ክፉ በሽታ ትለወጣለች። እኛ የምንፈልገው ያቺን እንጉዳይ ነው። ካገኘናት እዚያው ቆርጠን እናወጣታለን።» አረም የሚነቀለው ለጋ ሳለ እንደሆነ የወሎን ገበሬ ማንም አያስተምረውም። የእኚያ አባት ጥያቄ መልስም ይኸው ነው። እንጉዳይቱ ድምፅ የላትም። ሕመም እስኪሰማ ከጠበቅናት አድጋ፣ ስር ሰዳ ነው የምናገኛት።

ቁጥር ለሚወድ ታካሚ ቁጥር ስጪው። አሜሪካ ውስጥ በተያዘው መዝገብ፣ ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተገኘባቸው 10 ሰዎች 9ኙ ያህል ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ጉበትና ሳንባ ከደረሰ በኋላ ከተገኘባቸው ግን ከ10 ሰው ሁለት አይሞሉም። የአጎትሽ ነገር ከየትኛው ወገን እንደነበር አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ግን ቆይ። «እንዴት ላሳምን?» ከማለትሽ በፊት «ማንን ላስቀድም?» በይ። ለማኅፀን በር ካንሰር እንዳለው ያለ የተዘረጋ የቅድመ ምርመራ ፕሮግራም ለአንጀት ካንሰር ሀገራችን የላትም። የአንጀት መመልከቻ መሣሪያውም፣ በሱ የሚሠራው ባለሙያም ጥቂት ነው። ስለዚህ በአንቺ ክፍል ውስጥ ወረፋ መኖር አለበት። ሲጸዳዱ የሚደሙ ሰዎች ይቀድማሉ። ቤተሰባቸው ውስጥ በሽታው የታየባቸው ይከተላሉ። ጤነኛው የ45 ዓመት ሰው ከነሱ ኋላ ነው። እኔ ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሹን ነው። ጤነኛውን ስናባብል የሚደማው በአጠገባችን መድኃኒት ይዞ ያልፋል።

ስለሚደማው ሰው ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ ብዙ ሕይወት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ከቆላው የመጡ በሃምሳዎቹ ያሉ አንድ ገበሬ ነበሩ። ዓመት ከመንፈቅ ደም አይተዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ የአሜባ፣ አንድ ጊዜ የቢልሃርዝያ መድኃኒት ወስደዋል። በመሐል አንድ የባህል ሐኪም «ኪንታሮት ነው» ብሎ የሚያቃጥል ነገር ቀብቷቸዋል። ካርዳቸው ወፍራም ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ግን ጓንት አድርጎ በጣቱ የመረመራቸው ሰው የለም። እኔ ጣቴን ሳስገባ እባጩ እዚያው ነበር፤ ሁለት አንጓ እንኳ አልራቀም። በሌሎቹ ለመፍረድ አልቸኩልም። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ አንዲት እናትን «ኪንታሮት ነው፣ ቅባት ይጠቀሙ» ብዬ ሸኝቼ ከስምንት ወር በኋላ ሆዳቸው ተነፍቶ አግኝቻቸዋለሁ። እስካሁን ፊታቸው አይጠፋኝም።

ለምን እንሳሳታለን? ሰነፎች ስለሆንን ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ ደም የቀላቀለ ሰገራ በቂ ሌላ ምክንያት አለው። ቢልሃርዝያ በሐይቅ አካባቢም ሆነ በቦርከና ሸለቆ በከሚሴ በኩል የኖረ በሽታ ነው። እንቁላሉ የትልቁን አንጀት ግድግዳ ያቆስላል፣ ያደማል። አሜባም ያደማል። ኪንታሮትም በእርግጥ አለ፣ ሞልቷል። ስለዚህ ያገኘሽውን አክሚ። ነገር ግን ሁለት ልማድ ያዢ። ደም አየሁ ያለን ሰው በጣትሽ ሳትመረምሪ አትሸኚ፤ ጓንትና ቫዝሊን ነው የሚፈልገው። ሁለተኛ፣ መድኃኒት ሰጥተሽ ስትሸኚ የመመለሻ ቀን ቁረጪ። ተመልሶ ደሙ ካልቆመ ሁለተኛ ዙር የአሜባ መድኃኒት (ሜትሮኒዳዞል) አትጻፊለት፤ ሪፈር ጻፊለት። በተለይ 40 ካለፈው አትዘግዪ። ወጣት ነው ብለሽም አትዘናጊ። በሀገራችን ይህ በሽታ ከሚገኝባቸው ሰዎች ብዙዎቹ 50 ያልሞሉ ናቸው።

አጠያየቁም ላይ ዘዴ አለው። «ሰገራዎት ላይ ደም አለ?» ብትያቸው «የለም» ይሉሻል። እውነታቸውን ነው። ጉድጓድ ሽንት ቤት የሚጠቀም፣ ወይም ገና ሳይነጋ ሜዳ የሚወጣ ሰው ሰገራውን የት አየው? «በውሃ ሲታጠቡ እጅዎ ላይ ወይም ውሃው ላይ ቀይ ነገር አይተው ያውቃሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ልብሳቸው ላይስ? ደግሞ «ጨርሻለሁ ብለው ሲነሱ እንዳልጨረሱ ይሰማዎታል?» በይ። ከወራት ወዲህ አመላለሱ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ሱሪያቸው ሰፍቷቸው እንደሆነ ጠይቂ። ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ ያለበት ጎልማሳ ወንድ ካጋጠመሽ አይረን ብቻ ሰጥተሽ አትሸኚው፤ ከአንጀቱ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። እና በእግዜር፣ ይህን ሁሉ ሌሎች ሦስት ታካሚዎች እዚያው ክፍል ተቀምጠው እየሰሙ አትጠይቂ። በሩን ዝጊ።

እነዚህ ሰዎች «ቅድመ ምርመራ» አይደለም የሚያስፈልጋቸው። ቀጥታ የአንጀት እይታ፣ ማለትም ኮሎኖስኮፒ ነው። የሰገራ ደም ምርመራ አሠርተሽ «ኔጌቲቭ ነው፣ አብሽሩ» ብትያቸው ያለ ቦታው አጽናናሻቸው ማለት ነው።

ወደ ጤነኞቹ እንምጣ። መነሻው 45 ዓመት ነው ብለሽ የያዝሽው ከአሜሪካኖቹ መመሪያ ነው መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ አድርገውታል። ጥሩ መነሻ ነው። ከ75 ዓመት በኋላ ደግሞ እንደየሰው ጤንነት እንጂ ለሁሉም አይመከርም። የ80 ዓመት አዛውንት አንከራትተሽ ምርመራ አትላኪ።

ለጤነኛ ሰው በሩ የሰገራ ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ መደናገር አለ። «የሰገራ ምርመራ አድርጌያለሁ እኮ፣ ንጹህ ነው ተብያለሁ» ይሉሻል። እሱ በማይክሮስኮፕ ትል የሚፈለግበት ነው። እኛ የምንለው በዓይን የማይታይ ደም የሚፈለግበት ነው። ሁለቱን ለይተሽ ካላስረዳሽ ሰው ተመርምሬ ጨርሻለሁ ብሎ ይቀመጣል።

ይህ የተደበቀ ደም ምርመራም ሁለት ዓይነት ነው። ላብራቶሪያችሁ የትኛውን እንደሚጠቀም ካርቶኑን አንብቢ። የቆየው ዓይነት ደም ይሁን እንጂ የበሬም የሰውም አይለይም። ትናንት ክትፎ ወይም ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ዛሬ «ደም አለ» ሊባል ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀይ ሥጋ መተው አለበት፣ ናሙናውም ከሦስት የተለያዩ ቀናት ቢሆን ነው የሚመረጠው። ቫይታሚን ሲ በብዛት የሚወስድ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ደም እያለበት የለም ሊባል ይችላል። ቀልድ አይደለም፣ ለኦርቶዶክስ ታካሚዎችሽ ይህን ምርመራ በዐቢይ ጾም ብታሠሪ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ስለማይነኩ ዝግጅቱ አለቀልሽ ማለት ነው። አዲሱ ዓይነት «ፊት» (FIT) ይባላል። የሰውን ደም ብቻ ነው የሚለየው። ሥጋ መተው አያስፈልግም፣ ብዙ ጊዜም አንድ ናሙና ይበቃል። ከቻልሽ እሱን ፈልጊ።

ፊት አንድ ጠላት አለው፤ ሙቀት። በናሙናው ውስጥ ያለው ደም ሙቀት ላይ ሲቆይ ይፈርሳል፣ ውጤቱም በሐሰት ኔጌቲቭ ይሆናል። ሐይቅና ደሴ ላይ ብዙም አያሰጋም። ባቲ፣ ከሚሴ፣ ቆቦ ላይ ግን የፕላስቲክ ብልቃጥ ኪስ ውስጥ ይዞ ሲዞር የዋለ ሰው ውጤት አይታመንም። ቆላ የሚሠሩ ባልደረቦች ካሉሽ ይህን ንገሪያቸው። የባቲ የሰኞ ገበያ ለዚህ ይመቻል። ሰውየው ማለዳ የወሰደውን ናሙና ወደ ገበያ ሲመጣ ይዞት ይመጣል፣ ሳይሞቅ ትቀበሉታላችሁ።

አወሳሰዱንም አሳዪ። ሽንትና የሽንት ቤት ውሃ እንዳይነካው ንጹህ ደረቅ ፕላስቲክ ወይም ወረቀት ላይ ይቀመጡና በመቅጃዋ ትንሽ ጫር አድርገው ይወስዳሉ። ሴት በወር አበባዋ ሰሞን አትውሰድ። ሰው የሚያፍረው ዕቃዋን ይዞ መመለሱን ነው። ጥቁር ፌስታል ስጪ። ይህች ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ስንት ሰው መልሳልኛለች።

ውጤቱ ደም የለም ካለ በዓመቱ ይደገማል። «ነጻ ነዎት» አትበይ፤ «ለዘንድሮ ደህና ነው» በይ። ደም አለ ካለ ደግሞ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። ኮሎኖስኮፒ ግን የግድ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ልበልብሽ። ፖዘቲቭ የወጣ ሰው የት እንደሚሄድ ሳታውቂ ምርመራውን አትጀምሪ። ደሴ ላይ የት እንደሚሠራ፣ መሣሪያው በዚያ ሳምንት እየሠራ እንደሆነ፣ ወረፋው ስንት እንደሆነ ደውለሽ እወቂ። ጤና መድን ያለው ሰው ሪፈራሉን በደረጃው ይያዝ። አሜሪካ ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ ፖዘቲቭ የወጡ ሰዎች ሲጠኑ፣ ኮሎኖስኮፒው ከ10 ወር በላይ የዘገየባቸው ሰዎች ላይ ካንሰርም፣ የገፋ ካንሰርም በዝቶ ተገኝቷል። ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ያን ያህል አያስፈራም። ዓመት ማሳደር ግን ሰውን አስደንግጦ ሜዳ ላይ መተው ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉንም ቀጥታ ወደ ኮሎኖስኮፒ አንልክም? መሣሪያው ስላነሰ ብቻ አይደለም። ሰው ሲመርጥ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የሳን ፍራንሲስኮ ጥናት አለ። ኮሎኖስኮፒ ብቻ ከተባሉት 38 በመቶው ናቸው ያደረጉት። የሰገራ ምርመራ ከተባሉት 67 በመቶው፣ ሁለቱንም ቀርቦላቸው ምረጡ ከተባሉት ደግሞ 69 በመቶው አደረጉ። ኖርዌይ፣ ፖላንድና ስዊድን ውስጥ እንኳ ለኮሎኖስኮፒ ከተጠሩት ውስጥ የመጡት 42 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን የምነግርሽ የእኚያ አባት እምቢታ የወሎ ኋላ ቀርነት እንዳይመስልሽ ነው። የሰው ልጅ ሁሉ በዚያ በኩል መነካት አይወድም።

ኀፍረቱን እንዳላየ ማለፍ አይቻልም። ወንዶቹ ላይ ይከፋል። «በዚያ በኩል» ሲባል ክብሩ የተነካ ይመስለዋል፣ ይስቃል፣ ይቆጣል። አብረሽ አትሳቂ። አትከራከሪ። «ልክ ነዎት፣ ማንም አይወደውም። ግን ሰመመን አለ፣ ጨርቅ ይለብሳሉ፣ ባለሙያውና ረዳቱ ብቻ ናቸው የሚኖሩት» በይ። ለሴቶች ሴት ባለሙያ ወይም ቢያንስ ሴት ነርስ እንድትገኝ አስቀድመሽ ደውይ። ባል «ሚስቴን ወንድ አያያትም» ካለ ከሱ ጋር አትጣዪ፤ አብሮ እንዲመጣ ጋብዢው። አንዳንዱ ሚስቱን ሊጠብቅ መጥቶ ራሱ ተመርምሮ ሄዷል።

መሣሪያው የጣት ውፍረት ያህል ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ ካሜራ አለው። ሥራው ግማሽ ሰዓት ግድም ነው። ፖሊፕ ሲቆረጥ አያምም፤ የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን መቆረጥ አይሰማውም። አንጀት የመበሳት አደጋ አለ፤ ዋሽተሽ የለም አትበይ፣ ግን ከ1,000 ሰው አንድ አይሞላም። ንጹህ ከሆነ ደግሞ ለሚቀጥለው 10 ዓመት አይመለስም። ይህችን «10 ዓመት» ከፍ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ ብዙ ሰው የሚያሸንፈው እሷ ናት።

ሰው በኋላ የሚያማርረው ቱቦውን ሳይሆን ማጠቢያውን ነው። አንጀት እንዲጠራ ከዋዜማው የሚያስቀምጥ መድኃኒት በሊትር ይጠጣል። እኔ ለአዛውንቶች ስገልጽ «ኮሶ ጠጥተው ያውቃሉ?» እላለሁ። ይስቃሉ። ኮሶ የጠጣ ትውልድ ይህን አይፈራም። ለልጆቹ ነው የሚከብደው። ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ጎመንና ጥራጥሬ፣ ፍሬ ያለው ነገር ሁሉ ይቀራል። ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ከሁሉም በላይ ተልባ። ተልባ አንጀት ላይ ተለጥፎ ካሜራውን ይጋርዳል። በዋዜማው ጥቁር ሻይ፣ ውሃ፣ የተጣራ ሾርባ ብቻ። ቀይ ጭማቂ አይጠጣ፤ ውስጥ ገብተን ስናየው ደም ይመስለናል። የስኳር መድኃኒት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከሚሠራለት ሐኪም ጋር ቀድሞ ይነጋገር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ መጽሐፍ ላይ የማይጻፍ። ይህን መድኃኒት ጠጥቶ መኪና ላይ የሚወጣ ሰው የለም። ከላሊበላ ወይም ከሰቆጣ በኩል የሚመጣ ታካሚ ዋዜማውን ደሴ ማደር አለበት፣ ያውም ሽንት ቤት በቅርብ ባለበት ቤት። ስለዚህ ሪፈር ከመጻፌ በፊት «ደሴ ዘመድ አለዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከሌላቸው መጀመሪያ ያንን እንፈታለን። ሰመመኑ ስላለ የሚሸኛቸው ሰውም ያስፈልጋል። ሙስሊም ታካሚዎች ረመዳን ላይ ከደረሰ፣ ምልክት ለሌለው ሰው ከኢድ በኋላ ቀጠሮ መያዝ ነው ጥሩው። የሚደማ ሰው ግን ኢድ አይጠብቅም። የታመመ ሰው ጾም እንዴት እንደሚታይ እኔ አልናገርም፤ ሼሁን ይጠይቁ እላለሁ፣ እስካሁን የከለከለኝ ሼህ አልገጠመኝም።

ስለ ቅሬ፣ ስለ ሠፈሩ ዕድር ማለት ነው፣ ልታነሺ እንደምትችይ ጠርጥሬያለሁ። ቅሬው ተሰብስቦ ሳለ ተነስተሽ ስለ ካንሰር ብትናገሪ ይሰሙሻል፣ ይመርቁሻል፣ ማንም አይመጣም። እኔ ሞክሬዋለሁ። የሚሠራው ሌላ ነው። የተመረመረ ሰው አግኚና እሱ ይናገር። አንዲት እናት ፖሊፕ ወጥቶላቸው ወደ ሠፈራቸው ተመለሱ። ቡና ላይ፣ ቶናው ሲቀዳ፣ ጎረቤቶቻቸውን «አሳዩኝ እኮ በቴሌቪዥን፣ የኔ አንጀት እንደ ጽጌረዳ ቀይ ነው» ይሏቸዋል አሉ። ከዚያ ሠፈር አራት ሰው መጣልኝ። የኔ ንግግር ይህን አድርጎ አያውቅም።

ኳስ ወዳድ የሆነ ጎልማሳ ከገጠመሽ ስለ ፔሌ አንሺለት። እ.ኤ.አ. በ2021 አንጀቱ ላይ ያለው ዕጢ የተገኘው በመደበኛ ምርመራ ላይ ነበር፣ በ2022 መጨረሻ በ82 ዓመቱ አረፈ። ለወጣቱ ደግሞ «ብላክ ፓንተር» ፊልም ላይ የተወነው ቻድዊክ ቦስማን አለ፤ በዚሁ በሽታ ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር። ግን ለማስፈራሪያ አታድርጊው። ወሬ መክፈቻ ነው፣ ከዚያ ወደ እንጉዳይቱ ተመለሺ።

«እኛ ጤፍና ሽሮ የምንበላ ሰዎች ነን፣ ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚልሽም አይጠፋም። አሠር የበዛበት ምግብ በእርግጥ ይረዳል፤ ሲጋራና አረቄ መተው፣ መንቀሳቀስም ይረዳል። አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። የኔ ተራ ላይ የሚሰለፉት ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ የበሉ ናቸው።

እኚያን አባት መልሰሽ ለማግኘት አትሩጪ። የደም ግፊት መድኃኒት ወይም ሌላ ነገር ፈልገው መምጣታቸው አይቀርም። ሲመጡ «አባ፣ ባለፈው የጠየቁኝን ጥያቄ አሰብኩበት» ብለሽ ጀምሪ። አንድ ሰው ጥያቄውን አስበሽበት እንደመጣሽ ሲያውቅ ይቀመጣል። እንጉዳይቱን ንገሪያቸው። ከዚያ ሁለቱን መንገድ አቅርቢና «የቱ ይሻልዎታል?» በይ። እንደገና እምቢ ካሉ ካርዳቸው ላይ «ተነግሯቸዋል፣ በመጪው ዓመት ይጠየቁ» ብለሽ ጻፊ። በሦስተኛው ዓመት እሺ ያሉኝ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ መጨረሻው ዓረፍተ ነገርሽ ልመለስ። በለሆሳስ አስገብተሽው ያለፍሽውን ማለቴ ነው። አጎትሽ በ47 ዓመታቸው ተገኝቶባቸዋል አልሽኝ። ለአንቺ አጎት ናቸው፤ ለአባትሽ ግን የእናት የአባት ልጅ፣ የቅርብ ዘመድ ናቸው። ወንድም፣ እህት፣ ወላጅ ወይም ልጅ በዚህ በሽታ የተያዘበት ሰው 45ን አይጠብቅም። ወይ በ40 ዓመቱ፣ ወይ ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ከሁለቱ የቀደመው ይያዛል። ለአባትሽ 37 ዓመት ነበር ማለት ነው። አንቺ ጤና መኮንን ከሆንሽ እሳቸው ይህን ካለፉ ቆይተዋል። ለሳቸው የሰገራ ምርመራ አይበቃም፤ ቀጥታ ኮሎኖስኮፒ ነው፣ ንጹህ ቢሆንም በየ5 ዓመቱ ይደገማል። የሳቸው ውጤት የአንቺንም ይወስናል። ትልቅ ወይም አደገኛ የሆነ ፖሊፕ ከተገኘባቸው አንቺና ወንድም እህቶችሽም ቀድማችሁ መጀመር አለባችሁ። የአጎትሽ ልጆች ካሉ ደግሞ ከሁላችሁም በፊት እነሱ ይምጡ።

ለታካሚዎችሽ የምትይውን አስቀድመሽ አባትሽ ላይ ሞክሪው። ልጅ አባቷን እንዲህ ያለ ነገር ማናገር ከማንም በላይ ይከብዳታል፣ አውቃለሁ። ካፈርሽ ስልኩን ለኔ ስጪኝ፣ እኔ አናግራቸዋለሁ። የአጎትሽ የሕክምና ወረቀት፣ በተለይ የናሙናው ውጤት ቤት ውስጥ ካለ ፈልገው ይዘው ይምጡ። እና ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ተልባ እንዳይጠጡ ንገሪልኝ።